ስኳር በሽታ እና «ጥሩ ኮሌስትሮል»፦ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ጥበቃው ለምን ይቀንሳል?



ስኳር ያለበት ሰው ደሙን ተመርምሮ «ጥሩ ኮሌስትሮልህ ደህና ነው» ሲባል ደስ ይለዋል። ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «እንግዲያው ልቤ ደህና ነው» ብሎ የኮሌስትሮል ኪኒኑን የሚተው አለ። «ለእኔ አያስፈልገኝም» ብሎ ኪኒኑን ለጎረቤት የሚሰጥም አለ። በካምፕ ውስጥ መድኃኒት ብርቅ ስለሆነ ይሄ ነገር ቸርነት ይመስላል፤ ግን ሰውን ለስትሮክ ሊያጋልጥ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ስኳር በሽታ ጥሩውን ኮሌስትሮል በሁለት በኩል ይጎዳዋል። አንደኛ፣ ብዛቱን ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የቀረውን ደግሞ ሥራ ያስፈታዋል። የምርመራ ወረቀት የሚያሳየን ብዛቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ስኳር ላለበት ሰው የጥሩ ኮሌስትሮል ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

እኔ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የተጻፈው ነገሩን ለመረዳትና ሐኪምን ደህና አድርጎ ለመጠየቅ እንዲረዳችሁ ነው። መድኃኒት መጀመርም ሆነ ማቆም ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ነው።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል የስብ ዓይነት ነው። ስሙ ስለከፋ መርዝ ይመስለናል እንጂ ሰውነታችን ያለ እሱ አይኖርም። የእያንዳንዱ ሴል ሽፋን የሚሠራው በእሱ ጭምር ነው፤ ብዙ ሆርሞኖችም የሚሠሩት ከእሱ ነው። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚያመርተው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ ጉበት ደግሞ በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው። ቀሪው ከምግብ ይገባል።

ስብ ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ወጥ ላይ ዘይቱ ለብቻው እንደሚንሳፈፍ ታውቃላችሁ። ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ለመጓዝ መጫኛ ያስፈልገዋል። መጫኛዎቹ ከፕሮቲንና ከስብ የተሠሩ በጣም ጥቃቅን ኳሶች ናቸው። ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል።

ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮልን ወደ ሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። ሲበዛ ግን የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ «መጥፎ ኮሌስትሮል» የተባለው ለዚህ ነው። ኤችዲኤል የሚባለው ደግሞ የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል። «ጥሩ ኮሌስትሮል» የምንለው እሱን ነው። በውስጣቸው ያለው ኮሌስትሮል አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ መጫኛውና የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

ጥሩው ኮሌስትሮል እንዴት ይጠብቀናል?

ሥራው ብዙ ነው። ዋናዎቹ አራት ናቸው።

1. ማጽዳት። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ስብ ሲከማች ነጭ የደም ሴሎች ገብተው ይውጡታል። ብዙ ሲውጡ ያብጡና እዚያው ይቀራሉ። ኤችዲኤል ከእነዚህ ሴሎች ኮሌስትሮሉን ተቀብሎ ወደ ጉበት ይወስዳል፤ ጉበት ደግሞ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያስወጣዋል። ቆሻሻ ከሰፈር ሰብስቦ እንደሚያወጣ ጋሪ አድርጋችሁ አስቡት።

2. መጥፎው የባሰ እንዳይበላሽ መከላከል። ቅቤ ብዙ ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የተቀመጠ ኤልዲኤልም ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ይበላሻል። የተበላሸው ደግሞ የበለጠ ጎጂ ነው። ኤችዲኤል ይህንን የሚከላከሉ ኢንዛይሞች ተሸክሞ ይዞራል፤ ከእነሱ አንዱ ፓራኦክሶኔዝ ይባላል።

3. መቆጣትን ማብረድ። የደም ሥር ግድግዳ ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎች ይጣበቁበታል፤ ክምችቱም ይጨምራል። ኤችዲኤል ይህን መጣበቅ ይቀንሳል።

4. የደም ሥርን ማላላት። የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። በእሱ አማካኝነት የደም ሥሩ ይላላል፤ ደምም በደህና ያልፋል። ኤችዲኤል ይህ ንጥረ ነገር እንዲመረት ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አራቱም ሥራ ናቸው። ላቦራቶሪው ግን ሥራውን አይለካም። የሚለካው በጋሪዎቹ ላይ የተጫነውን የኮሌስትሮል መጠን ነው። ስንቱ ጋሪ ጎማው እንደፈነዳ ከዚያ ቁጥር ማወቅ አይቻልም።

ስኳር በሽታ ብዛቱን እንዴት ይቀንሳል?

ይህ በአብዛኛው የሚታየው በዓይነት 2 ስኳር በሽታ ነው። በዚህ በሽታ ኢንሱሊን ቢኖርም ሰውነት በደንብ አይታዘዝለትም።

ኢንሱሊን ስኳርን ብቻ የሚያስተዳድር ይመስለናል። እሱ ግን ስብንም ይጠብቃል። ስብ በጎተራው እንዲቀመጥ የሚያደርገው ኢንሱሊን ነው። ትእዛዙ ሳይሰማ ሲቀር ስቡ፣ በተለይ የሆድ አካባቢ ስብ፣ እየሟሟ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ይህን ሁሉ ስብ ሲያገኝ ትራይግሊሰራይድ ወደሚባል የስብ ዓይነት ለውጦ፣ ትልልቅ መጫኛ ላይ አድርጎ ወደ ደም ይልከዋል።

ከዚያ በደም ውስጥ ልውውጥ ይደረጋል። ትልልቆቹ መጫኛዎች ትራይግሊሰራይዳቸውን ለኤችዲኤል ይሰጡና ኮሌስትሮሉን ይወስዳሉ። ኤችዲኤል የራሱ ባልሆነ ጭነት ይሞላል። በዚህ መልክ የተጫነውን ኤችዲኤል የጉበት ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፤ ያንሳል፣ ዋናው ፕሮቲኑም እየተላቀቀ በኩላሊት በኩል በቶሎ ከደም ይወገዳል። ውጤቱ ምንድን ነው? ኤችዲኤል ቀነሰ ማለት ነው።

ስለዚህ በብዙ የዓይነት 2 ታማሚዎች ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች አብረው ይታያሉ፦ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ይላል፣ ኤችዲኤል ዝቅ ይላል፣ ኤልዲኤል ደግሞ ቁጥሩ ብዙም ሳይጨምር ኳሶቹ ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ይሆናሉ። ትንንሾቹ ወደ ደም ሥር ግድግዳ በቀላሉ ይገባሉ። «መጥፎው አልጨመረም» ብሎ መዘናጋትም ልክ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የቀረውንስ እንዴት ሥራ ያስፈታዋል?

የጽሑፋችን ዋና ክፍል ይሄ ነው። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ጥበቃው እንዴት ይቀንሳል?

አንደኛው መንገድ ስኳር ራሱ ፕሮቲን ላይ መለጠፉ ነው። ደም ውስጥ ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ያገኘው ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። ስኳር በሽታ ያለባችሁ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን ምርመራ ሰምታችኋል፤ ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ የስኳር ሁኔታ ያሳያል ይባላል። ምርመራው የሚለካው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። ስኳር ታዲያ ሄሞግሎቢንን ብቻ መርጦ አይለጠፍም። የኤችዲኤል ዋና ፕሮቲን የሆነው አፖኤዋን ላይም ይለጠፋል። ይህ ፕሮቲን የጋሪው እጅ ነው፤ ከሴሎች ኮሌስትሮል የሚቀበለው በእሱ ነው። ስኳር የነካው እጅ ይጣበቃል፣ እንደ ልብ አይሠራም። ስለዚህ የማጽዳት አቅሙ ይቀንሳል።

ሁለተኛው መንገድ መከላከያ ኢንዛይሞቹ መድከማቸው ነው። ቅድም የጠቀስነው ፓራኦክሶኔዝ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሥራው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ያን ጊዜ ኤልዲኤል በቀላሉ ይበላሻል። ኤችዲኤል ራሱም ይበላሻል።

ሦስተኛው መንገድ የሰውነት መቆጣት ነው። ስኳር በሽታ፣ በተለይ ከሆድ ውፍረት ጋር ሲሆን፣ ሰውነትን ቀስ ብሎ በሚነድ መቆጣት ውስጥ ያቆየዋል። በዚህ ጊዜ ጉበት ሌሎች ፕሮቲኖች ያመርትና በኤችዲኤል ላይ ይሳፈራሉ፤ የራሱ ፕሮቲኖች ቦታ ይለቃሉ። መቆጣትን ያበርድ የነበረው ኤችዲኤል ማብረዱን ይተዋል፤ አንዳንዴም በተቃራኒው መቆጣቱን ያግዛል።

አራተኛው፣ የደም ሥርን የማላላት ሥራው ይዳከማል። ብዙ ጊዜ ስኳርና ደም ግፊት አብረው ስለሚኖሩ ይህ ጉዳት ድርብ ይሆናል።

ታዲያ ቁጥሩን ያየ ሰው ምን ያውቃል? ጋሪዎቹ አሉ፤ ቆሻሻው ግን ሰፈር ውስጥ ነው።

ዓይነት 1 ያለባቸውስ?

ዓይነት 1 ስኳር በሽታ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይቻልም። ኢንሱሊን በደንብ የሚወስዱ የዓይነት 1 ታማሚዎች ኤችዲኤላቸው ብዙ ጊዜ መደበኛ ነው፤ እንዲያውም ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ለልብና ለደም ሥር በሽታ ያላቸው ተጋላጭነት ስኳር ከሌለበት እኩያቸው ይበልጣል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሥራው ሊጎድል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ስለዚህ «ልጄ ቀጭን ነው፣ ኮሌስትሮል አይመለከተውም» ማለት አያዋጣም።

ሴቶች ልዩ ትኩረት ያስፈልጋቸዋል

በተፈጥሮ የሴቶች ጥሩ ኮሌስትሮል ከወንዶች ከፍ ይላል። ከማረጥ በፊት ሴቶች በልብ በሽታ የሚያዙትም ከወንዶች ባነሰ ቁጥር ነው። ስኳር በሽታ ሲገባ ግን ይህ ብልጫ በአብዛኛው ይጠፋል። እናቶቻችንና እህቶቻችን ግን ልጅ፣ ውሃ፣ እንጨትና ሰልፍ ላይ ሲሯሯጡ የራሳቸውን ምርመራ መጨረሻ ላይ ነው የሚያደርጉት። ስኳር ያለባት ሴት «የልብ በሽታ የወንድ ነው» ብላ አትቀመጥ።

ቁጥሩን በመድኃኒት ብናሳድገውስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳይንቲስቶችም ጠይቀውታል፣ ሞክረውታልም።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረ ትልቅ የልብ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከዚህ ጥናት የወጣ ጽሑፍ ኤችዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች በልብ በሽታ የሚያዙት ባነሰ ቁጥር መሆኑን አሳየ። «ጥሩ ኮሌስትሮል» የሚለው ስም እየገነነ የመጣው እንዲህ ባሉ ግኝቶች ነው። ከዚያ «እናሳድገው» ተባለ።

ቶርሴትራፒብ የሚባል መድኃኒት ከ15,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞከረ። ኤችዲኤልን በ72 በመቶ ከፍ አደረገው! ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የሞቱት ካልወሰዱት በለጡ፤ ሙከራው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ተቋረጠ። ኒያሲን የሚባለውም ኤችዲኤልን ይጨምራል። እሱ ላይ የተደረገ አንድ ትልቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥቅም ባለማሳየቱ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የታተመ ከ25,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራም ጥቅም አላሳየም፤ ጭራሽ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ስኳር አባባሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ቁጥሩን መጨመርና ጥበቃውን መመለስ አንድ አይደሉም። የቆሙ ጋሪዎችን ብናበዛ ሰፈሩ አይጸዳም።

በአንጻሩ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚቀንሱት ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች ጥቅማቸው በግልጽ ታይቷል። በብሪታንያና በአየርላንድ ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው፣ ከዚያ በፊት የልብ በሽታ ባልነበራቸው 2,838 ሰዎች ላይ በቀን 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ተሞክሮ ነበር። የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ስትሮክና የመሳሰሉት በ37 በመቶ ቀነሱ። ጥቅሙ ግልጽ ስለነበር ሙከራው ከታቀደው ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ቆመ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ጋሪው ደካማ ከሆነ የሚገባውን ቆሻሻ መቀነስ ይሻላል ማለት ነው።

የምርመራ ወረቀታችሁን እንዴት ታነባላችሁ?

ከአገር አገር ስንሰደድ የሚያምታታን አንድ ነገር መለኪያው ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። በኬንያ ብዙ ላቦራቶሪዎች ሚሊሞል በሊትር ይጽፋሉ። በአገር ቤት «48» ያየ ሰው እዚህ «1.2» ሲያይ ይደነግጣል። አትደንግጡ፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው።

ሚሊሞልን ወደ ሚሊግራም ለመለወጥ፦
– ኮሌስትሮል ከሆነ በ39 ገደማ አባዙ። ለምሳሌ 1.2 ሲባዛ በ39፣ 47 ገደማ ይሆናል።
– ትራይግሊሰራይድ ከሆነ በ89 ገደማ አባዙ።
– የደም ስኳር ከሆነ በ18 አባዙ። ለምሳሌ 7 ሲባዛ በ18፣ 126 ነው።

ማባዣዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ የስኳሩን ለኮሌስትሮል እንዳትጠቀሙበት።

ስኳር ላለበት አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዩት ድንበሮች እነዚህ ናቸው፦
– ኤችዲኤል፦ ለወንድ ከ40 (1.0) በታች፣ ለሴት ከ50 (1.3) በታች ከሆነ ዝቅተኛ ይባላል።
– ኤልዲኤል፦ ከ100 (2.6) በታች ቢሆን ይመረጣል። ልቡን ታሞ የሚያውቅ ወይም ሌላ ተደራራቢ አደጋ ያለበት ሰው ከ70 (1.8) በታች እንዲሆን ይፈለጋል።
– ትራይግሊሰራይድ፦ ከ150 (1.7) በታች።

በቅንፍ ያለው በሚሊሞል ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ ልጨምር። ጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ። የሚቀረው በደም ሥር ውስጥ ሊከማች የሚችለው ሁሉ ድምር ነው። ስኳር ላለበት ሰው ከ130 (3.4) በታች ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ ጠቅላላው 215፣ ኤችዲኤል 55 የሆነች ሴት አለች እንበል። ኤችዲኤሏን ብቻ ካየን «ጎበዝ!» እንላታለን። 215 ሲቀነስ 55 ግን 160 ነው። ከ130 በላይ ነው። ስለዚህ ይህች ሴት መታየት አለባት።

ክሊኒኩ የኮሌስትሮል ምርመራ ከሌለው ተስፋ አትቁረጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በአነስተኛ ጤና ተቋማት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ስኳር ላለባቸው ሰዎች ስታቲን እንዲሰጥ ይመክራል። ይህን ለመወሰን የኤችዲኤል ቁጥር አይጠበቅም። ዕድሜያችሁ 40 ካለፈ «ስታቲን ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በካምፕ ኑሮ ምን ማድረግ ይቻላል?

ስኳሩን መቆጣጠር። ስኳሩ ሲስተካከል ትራይግሊሰራይድ ይወርዳል፤ ፕሮቲን ላይ የሚለጠፈው ስኳርም ይቀንሳል። ደስ የሚለው ነገር፣ የኤችዲኤል ፕሮቲን በደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ቀናት ነው፤ ከዚያ በአዲስ ይተካል። ስለዚህ «ከዚህ በኋላ ምን ዋጋ አለው» አይባልም። ዛሬ የተስተካከለ ስኳር ዛሬ የሚመረተውን ይጠቅማል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሙቀቱ ያሳስበዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በዳዳብ ዳጋሀሌይ ካምፕ ያለውን የቤት ሙቀት ለክተው ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅበት ሁኔታ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ጉልበቱን እንደያዘ አሳይቷል። ስለዚህ ፍሪጅ የለኝም ብላችሁ ኢንሱሊን አትተዉ። በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ፣ ፀሐይ በማይነካው ጥላ አስቀምጡት። ክሊኒካችሁ የሚሰጣችሁን የአቀማመጥ ምክርም ጠይቁ።

ስታቲንን አለማቋረጥ። ኪኒኑ የሚታይ ነገር ስለማያደርግ ሰው ይሰለቸዋል። ጥቅሙ የሚታየው ባልመጣ በሽታ ነው። ከማለቁ አንድ ሳምንት በፊት ሂዱና ውሰዱ። ወደ ሌላ ካምፕ ወይም አገር ስትዛወሩ የመድኃኒታችሁን ስምና መጠን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት ግን መጀመሪያ ሐኪም ታማክር። ከባድ የጡንቻ ሕመም የተሰማው ሰውም ቶሎ ይናገር።

ደም ግፊትን መለካት። የተጎዳውን የደም ሥር ይበልጥ የሚያደክመው እሱ ነው።

ሲጋራና ሺሻን መተው። ማጨስ ኤችዲኤልን ይቀንሳል፣ ያበላሻልም። ካቆሙ በኋላ ኤችዲኤል ይሻሻላል። ገንዘቡም ለምግብ ይተርፋል።

መንቀሳቀስ። በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፤ ይህም በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ወይም ማታ ይሻላል። እግራችሁ ከደነዘዘ ባዶ እግራችሁን አትሂዱ፤ ቁስል እንዳለ በየቀኑ እዩ።

ምግብ። ራሽን ያመጣውን እንጂ የፈለግነውን እንደማንበላ አውቃለሁ። ቢሆንም በእጃችን ያለ ነገር አለ። ሻይ ላይ የሚጨመረውን ስኳር መቀነስ ከሁሉም ይቀድማል፤ የጣፈጠ ሻይ ትራይግሊሰራይድንም ከፍ ያደርጋል። ማንዳዚና የተጠበሰ ነገር የየቀኑ ቁርስ አይሁን። ነጭ ሩዝና የበቆሎ ገንፎ ሳህኑን ሙሉ ከሚይዙት፣ ግማሹን አተር ክክ፣ ባቄላ ወይም ምስር ቢይዝ ይሻላል። ሱኩማ የሚባለው ጎመን ርካሽ ነው፤ ጨምሩበት። የሚረጋ ዘይት መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል። ፈሳሽ የሱፍ አበባ ዘይት ካገኛችሁ እሱ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ያለውን በማንኪያ እየለካችሁ አብስሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ራሽን ሲያልቅ ወይም በጾም ወቅት ሳይበሉ ኢንሱሊንም ሆነ ግሊቤንክላማይድ መውሰድ ስኳርን ከመጠን በታች ጥሎ ራስን ሊያስት ይችላል። ከመጾማችሁ በፊት ከሐኪም ጋር፣ እንደ እምነታችሁም ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼኹ ጋር ተነጋገሩ። ለታመመ ሰው ሃይማኖትም መንገድ አለው።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ትንሽ አረቄ ጥሩ ኮሌስትሮል ይጨምራል ይባላል፤ እውነት ነው?» አልኮል የኤችዲኤልን ቁጥር ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ግን ትራይግሊሰራይድንና ደም ግፊትንም ይጨምራል፤ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ደግሞ ስኳሩን በድንገት ሊጥለው ይችላል። ቁጥር መጨመር ጥበቃ አለመሆኑን ከላይ አይተናል።

«ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ አይበቃም?» እንደ ምግብ ብሉት። የመድኃኒት ምትክ ግን አታድርጉት።

«ስታቲን ስኳር ይጨምራል ሲሉ ሰማሁ።» በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል። የልብ ሕመምንና ስትሮክን በመከላከል የሚሰጠው ጥቅም ግን ለአብዛኛው ስኳር ላለበት ሰው ከዚያ ይበልጣል።

«ኤችዲኤሌ በጣም ከፍተኛ ነው፤ ብዙ ተጠብቄያለሁ ማለት ነው?» አይደለም። በጣም ከፍ ያለ ኤችዲኤል ተጨማሪ ጥበቃ እንደማይሰጥ ጥናቶች አሳይተዋል። ሌሎቹን ቁጥሮች እዩ።

ቶሎ ወደ ክሊኒክ የሚያስኬዱ ምልክቶች

– ደረት ላይ መጨነቅ ወይም ከባድ ነገር የተጫነ የሚመስል ስሜት፣ ወደ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም
– ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ያልተለመደ ድካም
– ፊት በአንድ በኩል መጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ ንግግር መተሳሰር

ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ አንዳንድ ታማሚ ልቡ ሲታመም ደረቱን ላያመው ይችላል። ላብና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። «ጨጓራ ነው፣ ይለቀኛል» እያላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማታም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሱ፣ ተሸከሙ፣ አድርሱ።

ለማስታወስ

በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አራት ነገር ጠይቁ፦ የሦስት ወሩ ስኳሬ ስንት ነው? ኤልዲኤሌና ትራይግሊሰራይዴ ስንት ነው? ደም ግፊቴስ? ስታቲን ያስፈልገኛል ወይ? ጥሩው ኮሌስትሮል «ደህና ነው» ከተባለ እሰየው፤ ግን በእሱ ብቻ ተማምናችሁ መድኃኒት አታቁሙ።

ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች ካሏችሁ ይህን አንብቡላቸው።